ጳጉሜን የማያውቀው መኪና

የ1982 ክረምት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ዝናቡ ፒያሳን ድንገት ያዛት። አቶ ገብረአምላክ ጃንጥላ አላጡም ነበር፤ ከጊዮርጊስ በኩል የመጣው ነፋስ ገልብጦ ሽቦውን ስለ ሰበረባቸው ግን፣ ካልተከፈተ ወርቅ ቤት በረንዳ ሥር ገብተው ቆሙ።

ይህን በረንዳ ያውቁታል። በጎልማሳነታቸው፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ለያይ ሳሉ፣ ቤቱ የአንድ ግሪክ ኬክ ቤት ነበር። ያኔ ዝናብ ሲይዛቸው የሚቆሙት ለመጠለል ብቻ አልነበረም፤ ከውስጥ የሚመጣው የቅቤና የስኳር ሽታ እስኪጠግቡ ድረስ አባርቶም ይቆዩ ነበር። አሁን ግሪኩም የለ፣ ሽታውም የለ። የቀረው በረንዳውና ዝናቡ ነው።

ይህን ሲያስቡ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ እየሮጠች መጥታ ከጎናቸው ገባች። ወይኒ ነበረች። አቶ ገብረአምላክ መዝገብ ቤት ኃላፊ በሆኑበት የሕክምና መጻሕፍት ማዕከል፣ በሒሳብ ተመርቃ በዚያው ዓመት የተቀጠረች ልጅ ናት። በሐምሌ ወር አንድ የውጭ የርዳታ ማኅበር ለማዕከሉ የሰጠውን ኮምፒውተር የምትይዘው እሷ ናት። ክፍል ይጋራሉ እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አልተጨዋወቱም ነበር ማለት ይቻላል፤ እሳቸው የድሮ ሰው፣ እሷ የአዲስ ዕቃ ሰው።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ፣ ይመታሻል። ጫማሽ አለቀ እኮ ጓለይ!» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የአቶ ገብረአምላክ አባት ከትግራይ ወደ አራዳ የመጡ ናቸውና፣ እሳቸው ሲራሩም ሲቆጡም ትግርኛቸው ቀድሞ ይወጣል።

ወይኒ ጫማዋን አራገፈች። ከዚያ «መልስ አልመጣም» አለች።

ስለ ምን እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተክርስቶስ አንድ ዓይኗ በዓይን ግፊት በሽታ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን ሁለተኛው ጀምሮታል። ሐኪሙ ዶክተር አጥናፉ ኦፕራሲዮን ሊያደርጋት አስቦ፣ የቀረችው አንዲት ዓይን ናትና ፈራ። ለንደን ያለ አስተማሪው ከእንዲህ ያለው በሽታ ጋር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ስለሆነ፣ እሱን ሳልጠይቅ አልነካትም አለ። ከመስቀል ካለፈ ደግሞ ብትቀደድም አትተርፍም ብሏቸዋል። ስለዚህ ፍልሰታ ሲገባ ዶክተሩ የጻፈውን ጥያቄ ወይኒ በኮምፒውተሩ ላከችው። አቶ ገብረአምላክም አላመኑምና፣ የዚያኑ ግልባጭ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው አድራሻውን ጽፈው፣ ቴምብር ለጥፈው፣ ራሳቸው ሄደው ፖስታ ቤት ከተቱት።

«የእኔ ደብዳቤ በእግሩም ቢሄድ ይሄኔ ካርቱም ደርሷል» አሉ። «የአንቺስ የት ደረሰ?»

«ደርሷል ይላል ጋሼ። ለንደን ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ተቀብሎታል ይላል። እሱ እንደ ዋና ፖስታ ቤት ነው፤ ከየአገሩ በስልክ የመጣለትን ደብዳቤ ተቀብሎ ለየባለቤቱ ሳጥን ያድላል። ከዚያ ወዲያ ነው የሚጠፋው።»

«እኛ ጋ ደብዳቤ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው ነበር። አጥናፉ የተባለ ጓደኛዬ፣ የሐኪሙ ሞክሼ፣ አንዲት ካርድ ከጆንያ ሥር ብትገኝበት ሳምንት ሙሉ ምሳ አልበላም። የአንቺ መኪና ምሳ ይቀርበታል?»

ወይኒ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። «እኔም አልበላሁም» አለች።

ዝናቡ ሲያባራ አብረው ወጡ።

ማዕከሉ ያለው አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ሠርቶት በነበረ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው እንጨት ስለሆነ፣ አቶ ገብረአምላክ ከታች የሚመጣውን ሰው በኮቴው ያውቁታል። ከደረጃው ሥር ባለችው ቡና ቤት ባንኮኒው ጋ የምትቀመጠው ገንዘብ ተቀባይ መይሙና ናት፤ ያለፈ ሰው ሳትነካ አታሳልፍም።

«ጋሽ ገብሬ! የለንደኑ ደብዳቤ እንዴት ሆነ? ወይስ መኪናው ቤንዚን ጨረሰ?»

«ተይኝ አንቺ ልጅ። ማኪያቶዬን ወደ ላይ ላኪልኝ።»

«እሱንም በስልክ ልላከው እንዴ?»

ደንበኞቹ ሳቁ። አቶ ገብረአምላክም ፈገግ አሉ፤ ልባቸው ግን ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን በድምፁ ከምትለየው ባለቤታቸው ዘንድ ነበረ።

ክፍላቸው ሲገቡ ኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አቶ ገብረአምላክ ናቸው ያለበሱት። ወይዘሮ ለተክርስቶስ በደህና ዓይኗ ዘመን የሠራችው ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወፎች አሉበት። ቤታቸው ያለው ራዲዮ የዚህ ዓይነት አለው፤ ስልክም ቢኖራቸው ያለብሱት ነበር። በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ ለዕቃ አክብሮት የሚሰጠው በዳንቴል ነበርና ማንም አይፈርድባቸውም።

የሚያበሩትም ራሳቸው ናቸው። ወይኒ ከአፍንጮ በር ታክሲ ጠብቃ እስክትመጣ፣ እንደ ድሮ ራዲዮ ሞቅ ብሎ ይጠብቃት ብለው፣ ማለዳ ገብተው ያስነሡታል። የተከለው ፈረንጅ በመጀመሪያው ቀን ሲያደርግ አይተው ነው የተማሩት፤ ሲነሣ የዕለቱን ቀን በቁጥር ይጠይቃል፣ ወሩን፣ ቀኑንና ዓመቱን ይነግሩታል፣ ከዚያ ሥራው ይጀምራል። በመኪናው ላይ የሚወዱት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር። ቀን ሳይጻፍ ደብዳቤ የማይነካ መዝገብ ቤት በሕይወታቸው ሌላ አላዩም።

በዚያ ዕለት ግን ዝናቡ ሳይዛቸው በፊት ገብተው፣ ዳንቴሉን ማንሣት ረስተው አብርተውት ለጉዳይ ወጥተው ነበር። ወይኒ እጇን ከጀርባው ላይ ብታሳርፍ አቃጠላት።

«ጋሼ! ይህ እኮ ምጣድ ሆኗል!»

«ምን ሆነ?»

«ከጀርባው ያለው ማራገቢያ ነው የሚያስተነፍሰው። ሲሸፈን ይታፈናል፤ ሲታፈን በመሐል ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ እየጻፍኩ የጠፋብኝ በዚህ ይሆናል!» ልጅቱ መፍትሔ ያገኘች መስሏት ድምፅዋ ከፍ ብሏል። «አየር ይፈልጋል ጋሼ። ዳንቴሉን አውጡለት እባክዎ።»

አቶ ገብረአምላክ ዳንቴሉን በአራት አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። መሳቢያውንም ከሚገባው በላይ ገፍተው ዘጉት።

የታፈነው መኪና ከዚያ በኋላ በመሐል መጥፋቱን ተወ። መልሱ ግን አሁንም አልመጣም። ወይኒ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የምታገናኘውን ትንሽ ሳጥን ነቅላ ተከለች፤ ገመዱን ለወጠች፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበበች። የገረማት ከለንደን ለሁሉም የሚበተነው ማስታወቂያ ሳይስተጓጎል መድረሱ ነው። መምጣቱ ይመጣል፤ የሄደው ግን አይመለስም።

«እንግዲህ በሩ አልተዘጋም» አለች አንድ ቀን፣ ለራሷ እንደምትናገር። «መስመሩም ደህና ነው። የእኛ ደብዳቤ ላይ የሚያስጥል ነገር አለ። ምንድነው?»

«የእኛ መሆኑ ነዋ» አሉ አቶ ገብረአምላክ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ።

እነሆ ነሐሴ አለቀ።

ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት አቶ ገብረአምላክ ቀድመው ገቡ። ለተክርስቶስ በዚያ ሌሊት የመብራቱን አምፑል «ዙሪያው ቀስተ ደመና አለው» ብላቸው ነበርና ሳይተኙ ነው የነጋላቸው። መኪናውን አስነሡ። ቀኑን ጠየቃቸው። ነገሩት። አልቀበልም አላቸው።

በመነጽራቸው ጠጋ ብለው እንደገና፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ ነገሩት። አልቀበልም አላቸው። ሦስተኛ ሞከሩ። ያው ነው።

ወይኒ ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት፣ አቶ ገብረአምላክ ወንበራቸውን ገፍተው ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ነይ! ነይ እዪው ይህን መኪናሽን! በሥራ ዘመኔ አለቃ እንኳ ውሸታም ብሎኝ አያውቅም!»

«ምን ሆኑ ጋሼ? ምን አደረገ?»

«ቀኑን ነገርኩት፤ እንደዚህ ያለ ቀን የለም ይላል። ጳጉሜንን አያውቅም! አሥራ ሦስተኛ ወር አልሰማም! አሁን ይህን ነው የተማረ የምትይኝ? የቆሎ ተማሪ የሚያውቀውን የማያውቅ?»

ወይኒ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጃንጥላዋን እንደያዘች ቆመች። ዓይኗ ከእሳቸው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ እሳቸው ሄደ።

«ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት ምን ብለውት ነበር?»

«ትናንትማ ነሐሴ ሠላሳ ነው። አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት። አሜን ብሎ ተቀበለ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከሐምሌ ጀምሮ! አንድ ቀን አልዋሸሁትም!»

ወይኒ ጃንጥላዋን ከመሬት ጣለችው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። አቶ ገብረአምላክ ታለቅሳለች ብለው ደነገጡ፤ እሷ ግን እየሳቀችም እያለቀሰችም አልነበረም፤ ታስብ ነበር። ወዲያው ወፍራሙን መመሪያ ከመደርደሪያ አውርዳ ገልጣ ገልጣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይኸውና ጋሼ። ለንደን ያለው ኮምፒውተር ብዙ የዘገየ ደብዳቤ ሲመጣለት ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ይጥለዋል። እንዳይጨናነቅ። በእነሱ አቆጣጠር ዘንድሮ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው። እኛ የምንልክለት ደብዳቤ ሁሉ ሰማንያ ሁለት ይላል። ለእሱ ስምንት ዓመት መንገድ ላይ የባጀ ደብዳቤ ነው።»

አቶ ገብረአምላክ ጎንበስ ብለው መመሪያውን አዩት። ከዚያ የተናገሩት ከቁጣ ይልቅ ከኀዘን የመጣ ነበር።

«እንግዲህ የእኛ ዘመን ውሸት ነው ማለት ነው? ፈረንጅ የሠራው ሣጥን ካላወቀን የለንም? አባቴ በዚህ አቆጣጠር ተወልዶ በዚህ ተቀበረ። እኔ ዛሬ ለመኪና ብዬ ጳጉሜንን ልካድ?»

«አይካዱ ጋሼ። ማን ካዱ አለዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፖስታ ቤት ሳሉ፣ ከዚያም እዚህ፣ ወደ ውጭ አገር በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ቀን እንዴት ነበር የሚጽፉት?»

«ከላይ የእኛን፣ ከሥሩ የእነሱን።»

«ለምን የእነሱን?»

«የሚያነበው ሰው እንዲያውቀው ነዋ! እሱ የእኛን ዘመን ከየት...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

ወይኒ አልቸኮለችም። ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል። መይሙናም ከታች አንዱን ትዘልፋለች።

«አድራሻውንስ በማን ፊደል ነበር የሚጽፉት?»

«በእነሱ ፊደል» አሉ አቶ ገብረአምላክ በዝቅታ። «የእኔን እጅ ጽሑፍ ያደንቁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ተመርጬ የውጭ ደብዳቤ የተሰጠኝ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ማንነትዎ ተለወጠ?»

ከዚህ የከበደ ሌላ ሐሳብ መጣባቸው። ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«የለተክርስቶስም ደብዳቤ... እሱንም ጥሎታል?»

«ጥሎታል ጋሼ።»

«በእኔ እጅ።»

«በሁለታችንም እጅ ነው» አለች ወይኒ። «ሁልጊዜ ስመጣ በርቶ አገኘዋለሁ። ማን አበራው፣ ሲያበራ ምን ጠየቀው፣ ምን መለሰለት ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ገመዱን ጠየቅሁ፣ ስልኩን ጠየቅሁ፣ ለንደንን ጠርጥሬያለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡትን እርስዎን ግን አልጠየቅሁም። መዝገብ ቤት ያሉ ሽማግሌ ስለ ኮምፒውተር ምን ይነግሩኛል ብዬ ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ገብረአምላክ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«ተይው ይህን። አሁን ምን ይደረግ? ቀን አለን?»

«አለን። ይምጡ፣ እርስዎ ይንገሩት።»

ከመኪናው ፊት ተቀመጡ። የዘጠነኛው ወር ስድስተኛ ቀን፣ ዘጠና። መኪናው ያለ ክርክር ተቀበላቸው። ወይኒ የዶክተር አጥናፉን ጥያቄ እንደገና አውጥታ፣ ቀኑን አሳይታቸው ላከችው። የስልኩ ሳጥን እንደ ልማዱ አፏጨ፣ ተንጫረረ፣ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ገብረአምላክ መኪናውን ካስነሡ በኋላ ወደ መዝገባቸው አልሄዱም። ወይኒ እስክትመጣ በመስኮቱ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደውን መንገድ እያዩ ቆዩ። መጥታ ከስልኩ ጋር ስታገናኘው ከኋላዋ ቆሙ። የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ወይኒ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። የለንደኑ አስተማሪ ዶክተር አጥናፉን ሳትዘገይ ክፈት ብሎታል፤ ከመክፈትህ በፊት ግፊቱን በዚህ መድኃኒት አውርደው ብሎም ስሙን ጽፎለታል።

አቶ ገብረአምላክ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ደረጃውን ወረዱ። መይሙና ከባንኮኒው ኋላ ብቅ ብላ «ምነው ጋሼ፣ ለንደን ጠራዎት?» ብትል «አዎ ጠራኝ!» አሏትና አለፉ። ቀልድ ሲመልሱላት ያን ዕለት የመጀመሪያ ስለሆነ እስከ በሩ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ኦፕራሲዮን ሆነች። መስቀል ሲደርስ ዓይኗ ገና ታስሮ ነበር፤ ደመራውን በድምፁ ነው ያየችው። የጥቅምት ፀሐይ ሲጠነክር ግን ማሰሪያው ወረደ። የጠፋው ዓይን አልተመለሰም፤ የቀረው ቀረላት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ጠዋት በኋላ በዚያ ክፍል የተለወጠውን እንይ። ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል፤ በአቶ ገብረአምላክ ውብ ጽሑፍ ከላይ የእኛ ቀን፣ ከሥሩ የእነሱ ይጻፍበታል። የሚያስነሣው ሰው ሁሉ የሥሩን ይነግረዋል። ዕቃ ሲታመም መጀመሪያ ገመድ መንቀል ቀርቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ «ከትናንት ወዲህ ምን ነካችሁ?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆነ፤ የጠየቀም አያፍርም፣ የነካም አይደበቅም። በዚህም ሳቢያ ከየሆስፒታሉ የሚመጣው የሐኪም ጥያቄ ወር ተኩል ይጠብቅ የነበረው በቀናት መልስ ያገኝ ጀመር። አቶ ገብረአምላክም «ድሮ ደብዳቤ ስንፈልግ ጆንያ እናራግፍ ነበር፤ አሁን ሰው እንጠይቃለን» ይሉ ነበር። አዲስ ነገር የገባበት ቤት ሽማግሌው ሳይማር ከቀረ፣ ወጣቱም ሳያስተምር ከቀረ፣ የሚጠፋው የሌላ ሰው ዓይን ነው።

ዳንቴሉም ከመሳቢያ ወጣ። ማታ፣ መኪናው ጠፍቶ ሲበርድ፣ ወይኒ ራሷ ታለብሰዋለች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን አቶ ገብረአምላክ ከፖስታ ሣጥኑ የለንደን ፖስታ አወጡ። በፍልሰታ በእጃቸው የከተቱት የዚያ ግልባጭ መልስ ነበር። ወይኒ ከፍታ አነበበችው፦ አስተማሪው ጥያቄው ቀደም ብሎ በኮምፒውተር ደርሶት መልሶበታል፤ ሆኖም አድራሻውን በእንዲህ ያለ እጅ ለጻፈ ሰው ዝም ማለት ነውር መስሎ ስለታየው፣ እንደገና በብዕር ጽፏል።

አቶ ገብረአምላክ ወረቀቱን ለሌላ ሰው አላሳዩም። ማታ ቤታቸው ወስደው ለባለቤታቸው ሰጧት። ለተክርስቶስ ወደ መብራቱ ጠጋ ብላ፣ ወረቀቱን ራቅ ቀረብ አድርጋ፣ ከራስጌው፣ በእንግሊዞች ልማድ ቀኑ ከወሩ ቀድሞ የተጻፈውን ቁጥር ታየው ጀመር። ልጅ ሳለች ሚሲዮን ቤት ቁጥር ተምራ ነበር።

«አሥራ ሁለት፣» አለች፣ «ዐሥር፣ ዘጠና።»

«ጥቅምት ሁለት፣ ሰማንያ ሦስት» አሉ አቶ ገብረአምላክ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆነው።

እሷ ያነበበችውን ለማረጋገጥ ግን መነጽራቸውን አላወጡም።